ደምመላሽ ያለበት

አገራችን የተለወጠች ዕለት ማለዳ ተነስቼ ተራራውን አየሁት፤ ምንም አልሆነም። አንኮበር እንደወትሮው ጭጋጓን ተከናንባ ከላይ ተቀምጣለች። የጎረቤታችን ፍየሎች እንደወትሮው የሰው አጥር ይበላሉ። ወንዙም ወደ ቆላው ይወርዳል እንጂ ሽቅብ መፍሰስ አልጀመረም። በዋዜማው አባቴ ከገበያ ገብቶ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ለእናቴ «አፊፋ፣ አገሩ ተለወጠ» ሲላት ሰምቼ ነበር፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ኮረብታ ቦታ ይቀይራል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንደተታለለ ሰው ተናድጄ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩባት አልዩ አምባ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ጉብታ ላይ የተቀመጠች የነጋዴ ከተማ ናት። አርብ አርብ ገበያ ይቆማል። ከታች አፋሩ በግመል ጨው ያመጣል፣ ከላይ ደገኛው ገብስና በግ ይዞ ይወርዳል፣ እኛ እስላሞቹ ደግሞ መሐል ላይ ሆነን ሁለቱን እናገናኛለን። አባቴ ሸሪፍ ጨው ነጋዴ ነበር፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ለመቆጣት እንኳ የማይቸኩል ሰው። እኔ የወጣሁት በእናቴ ነው፤ የልቤ ሁሉ አፌ ላይ ነው።

አባቴ «ተለወጠ» ያለው በልዋጭ ተሰጠ ለማለት እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የባሕሩን ዳር ሁለት የፈረንጅ መንግሥታት ተካፍለውት ነበር፤ አንዱ ታጁራን ይዟል፣ ሌላው ዘይላን። እኛ ስማቸውን መጥራት ስለማይቀናን የታጁራው፣ የዘይላው እንላቸዋለን። ከባሕሩ እስከ እኛ ግርጌ ያለውን ቆላ የታጁራው በወረቀት የእኔ ነው ይል ነበር፤ ወረቀቱን ሰምተናል እንጂ እሱን አይተነው አናውቅም። በአሥራ ስምንት መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሁለቱ ባሕር ማዶ ተቀመጡና ተለዋወጡ። የታጁራው ቆላውን ለዘይላው ሰጠ፤ በምትኩ ከዘይላው አንዲት ደሴት ወሰደ። ላም የሚለውጥ ሰው እንኳ ቢያንስ ጥርሷን ገልጦ ያያል፤ እነሱ እኛን ዞር ብለው አላዩንም። ደሴቲቱ ምን እንደምትመስል አላውቅም። እዚያም ማለዳ ተነስታ ኮረብታዋን ያየች ልጅ ትኖር ይሆናል።

ውሉ ላይ የተጻፈው «እስከ ሸዋ ኬላ ድረስ ያለው ቆላ» የሚል ነበር። ፈረንጆቹ ኬላ የአገር ስም መስሏቸው ነበር፤ እንደ ጫጫ፣ እንደ መዘዞ። ኬላ ግን ነጋዴ ቆሞ የሚፈተሽበት በር ነው። የእኛ ኬላ ደግሞ ከገበያው በላይ፣ የአንኮበር ዳገት በሚጀምርበት ቦታ ነበር። እንግዲህ በውሉ መሠረት አልዩ አምባ ከነገበያዋ ከነመስጊዷ ለዘይላው ደረሰችው ማለት ነው። የዘይላው የያዘውን ከተማ ምን እንደሚያደርግ ሲራራ ነጋዴዎች ያውቁ ነበር፤ ገበያውን አንስቶ ወደ ምሽጉ ያዛውራል፣ ነዋሪውንም ከገበያው ጋር ይነዳል፣ እምቢ ያለውን ቤቱን ያቃጥልበታል። አባቴ ያን ማታ ጫማውን ሳያወልቅ የተናገረው ይህን ሁሉ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት አንዷን ቃል ብቻ ነው።

የኬላው ጠባቂ ደምመላሽ ይባላል፤ የመዘዞ ሰው፣ ክርስቲያን። በዚያ ሙቀት ውስጥ የበግ ለምዱን ከትከሻው አያወርድም። «ጋሼ፣ ለምን አታወልቀውም?» ስለው «ብርዱ ፈልጎኝ ቢመጣ በምን ያውቀኛል?» ይለኝ ነበር። ሚስቱ በሰለች መዘዞ ላይ በግ ታረባለች፤ እሱ ለበዓል ወጥቶ ሲመለስ የእሷን የገብስ ቆሎ በትንሽ ስልቻ ያመጣልኛል። ልጅ አልነበራቸውም። ያን ያወቅሁትም ዘግይቼ ነው፤ ያኔ የሚመስለኝ ቆሎው ለእኔ የሚገባኝ ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ነበር።

ጨዋታ ነበረን። ዱላ በቅሎዬ ነው፣ እሱን እየጎተትኩ እመጣለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ደምመላሽ ጦሩን ያቃናና ፊቱን አኮሳትሮ ይነሳል።

«እሜቴ ሰሊሃ፣ ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከመካ።»

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ጭቃ ነው።»

«ይለፉ» ይልና የእሾኹን መዝጊያ በሁለት እጁ ያነሳልኛል። እውነተኛ ነጋዴዎች ከኋላዬ ቆመው እየጠበቁ እንኳ ጥያቄውን አሳጥሮ አያውቅም።

አገሩ በተለወጠ በሦስተኛው ቀን አባቴና ደምመላሽ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ሲነጋገሩ ከግንዱ ጀርባ ሆኜ ሰማኋቸው። ሁለቱም መሬት መሬት እያዩ ነበር የሚያወሩት።

«ውረድልን ደምመላሽ» አለ አባቴ።

«ያለ ትእዛዝ? እኔ የተሾምኩት እዚህ ነው።»

«ትእዛዙ ከአንኮበር እስኪደርስ ፈረንጁ ይቀድማል።»

«ያለ ትእዛዝ ብወርድ አንገቴ ነው ሸሪፍ። እሺ፣ አንገቴን ቢተዉልኝ እንኳ ቆላው አይተወኝም። እኔ የብርድ አገር ሰው ነኝ፤ ንዳድ የሚሉት የቆላ ትኩሳት እንደኔ ያለውን ነው የሚፈልግ።»

አባቴ ወደ ደምመላሽ ቀረብ አለ። ከዚያ «አውቃለሁ። ምንም አትሆንም ብዬ አላታልልህም። ግን ውረድልን» አለው።

በአገራችን ለተሾመ ሰው ውረድ ማለት ሹመትህን ልቀቅ ማለት ነው። እኔም እንደዚያ ሰማሁት። አባቴ፣ ያ ለዝንብ እንኳ እጁን የማያነሳ አባቴ፣ ጋሼ ደምመላሽን ሊሽረው ነው። ምክንያቱን አላውቅም፤ ግን ቂም ቋጠርኩ፤ ለረጅም ጊዜም አልፈታሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ወንዶቹ ተሰብስበው ኬላውን ነቀሉት። ሁለቱን ምሰሶዎች፣ የእሾኹን መዝጊያ፣ የዳሱን ማገርና ሣር፣ ደምመላሽ የሚቀመጥበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሳይቀር ተሸክመው ከገበያው በታች፣ ከጉብታው ሥር ወዳለው ወንዝ ወረዱ። አባቴ አንደኛውን ምሰሶ በትከሻው ይዞ ከፊት ነበር። ደምመላሽ ለምዱን ለብሶ ባዶ እጁን ከኋላቸው ይሄዳል። የቀብር አካሄድ ነበር የሚሄዱት፤ የሚያለቅስ ግን አልነበረም፤ ከእኔ በቀር።

ከዚያ የባሰው ከሰዓት በኋላ መጣ። የከተማው ሴቶች በሙሉ፣ እናቴም ጭምር፣ የምድጃቸውን አመድ በቅርጫት ይዘው ወረዱ። አመድ፣ ከበረት የተጠረገ ፋንድያ፣ የአህያ አጥንት፣ የተሰበረ ገንቦ፤ ሁሉንም ደምመላሽ አዲስ በተቀመጠበት ቦታ ዙሪያ ደፉት። እሱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። አንዷ አሮጊት እንዲያውም እግሩ ሥር ነው የገለበጠችው፤ «አፈር ልብላልህ» ስትለው ሰማሁ።

የእናቴን ቀሚስ ይዤ «ለምን ጥራጊ ትደፉበታላችሁ?» አልኳት።

«ዝም በይ ሰሊሃ። የአዋቂ ነገር ነው።»

«ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም፤ ዝም በይ ብያለሁ» አለችኝና ባዶውን ቅርጫት እራሴ ላይ ደፋችብኝ።

ለሃያ ዓመት ያህል ያ ቀን ሕዝብ በአንድ ሰው ላይ ጥራጊ የደፋበት ቀን ሆኖ ነው የኖረልኝ። እናቴ ከመሞቷ በፊት አንድ ቀን ይህን ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። ኬላ ለዓመታት ሰው የሚቆምበት፣ እሳት የሚነድበት፣ ከብት የሚያድርበት ቦታ ነው፤ አመዱ ካልተቆለለ አሮጌ አይመስልም። አዲሱን ቦታ እያስረጁት ነበር፤ ኬላው ከከተማው በታች ከተገኘ ውሉ እኛን አይነካምና። አሮጊቷም የተናገረችው ስድብ አልነበረም፤ ስለ እኛ ብለህ ወረድክ ብላ እየሳሳችለት ነበር። «አንቺማ» አለችኝ እናቴ፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ኩርፊያሽ ከንፈርሽን አሳበጠው።»

በሰባተኛው ቀን የዘይላው ፈረንጅ መጣ። ወጣት ነው፤ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ ተልጧል። በሦስት እግር የሚቆም የናስ መሣሪያ አስይዞ፣ ወረቀቱን በቆዳ ቦርሳ አንግቶ በግመል መጣ። አስተርጓሚው ፈረጅ የሚባል ጢሙን በሒና ያቀላ የባሕር ዳር ሰው ነበር፤ አማርኛውን ከአባቴ የተሻለ ይናገራል። ወንዙ ዳር ደርሰው ኬላውን አገኙት፤ ደምመላሽ ጦሩን ይዞ ቆሟል። ፈረንጁ ግን የዋህ አልነበረም። በበትሩ አመዱን ገፋ ገፋ አደረገው። ከሥሩ ሣር ወጣ፤ ገና ያልጠወለገ ለምለም ሣር።

ከዚያ ወደ ከተማው ወጣ። ዋርካው ሥር ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ በፈረጅ አፍ ጠየቃቸው። ሁሉም ተራ በተራ ኬላው ወንዙ ዳር ነው አሉ። አባቴም ተነስቶ «ኬላው ወንዙ ዳር ነው» አለ። አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ያኔ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አሁን ሳስበው ግን አልዋሸም፤ «ነው» አለ እንጂ «ነበር» አላለም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ «ነው» ነበር ያሉት። እነዚህን ነጋዴዎች ታዲያ ማን በቃል ይይዛቸዋል?

ፈረንጁ ከፈረጅ ጋር በቋንቋቸው ተነጋገረ፤ ከዚያ ዓይኑ ሕፃናቱ ላይ አረፈ። ከሁሉም ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ዱላዬን ይዣለሁ። ፈረጅ አጠገቤ መጥቶ ተንበረከከ። የሽቶና የግመል ሽታ አለው።

«ስምሽ ማን ነው የኔ ልጅ?»

«ሰሊሃ።»

«ቁርአን ቀርተሻል?»

«የዐምመ ክፍልን ጨርሻለሁ።»

«ማሻአላህ። እንግዲያ ወላሂ ብለሽ አትዋሺም። ኬላው የት ነው? ወላሂ ብለሽ ንገሪኝ።»

አባቴን አየሁት። ፊቱ የአመድ መልክ ይዟል። አንድም ጥቅሻ አላደረገልኝም፤ ራሱንም አልነቀነቀም። ያ ሁሉ ሕዝብ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። እኔ ይህ ሁሉ ሰው የሚፈራው ጥፋቱ እንዳይታወቅበት ነው ብዬ አሰብኩ።

ላይ ነው ልል ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን ላይ አሁን ያሉት የምሰሶዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ናቸው። ላይ ነው ብዬ ብናገርና ፈረንጁ በሩን ቢመልሰው፣ እነዚህ ጥራጊ የደፉበት ሰዎች ሌላ ጠባቂ ይሾሙበታል እንጂ ደምመላሽን አይመልሱትም። እኔ የምፈልገው በሩን አይደለም። ደምመላሽ የሌለበት በር ምን ያደርግልኛል? ስለዚህ ለከተማው ሁሉ እልህ በሚመስል ድምፅ የማውቀውን እውነት ተናገርኩ።

«ወላሂ፣ ኬላው ደምመላሽ ያለበት ነው» አልኩ።

ፈረጅ ተረጎመ። ፈረንጁ ደምመላሽ ማነው ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግቶ ጻፈ፤ ተርጓሚውም ቃል በቃል በዐረብኛ ግልባጩን ጻፈ። ግልባጩ አባቴ ሣጥን ውስጥ ይኖር ነበር፤ በሃያ ዓመቴ አውጥቼ አነበብኩት። «ድንበሩ ጠባቂው ደምመላሽ ያለበት ቦታ ነው» ይላል። ፈረንጅ ከእኛ ሰምቶ የጻፈው ትክክለኛ ነገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከአንኮበርም ትእዛዝ መጣ፤ ከሁለት ወር በኋላ። «ኬላው ባለበት ይቁም» የሚል ነበር። የደምመላሽ አንገት በዚህ ተረፈ። ከተማይቱም ለእኛ ቀረች። ለእኔ ግን ማንም ምንም አልነገረኝም፤ ሴት ልጅ ሚስጥር አትይዝም ብለው ይሆናል፣ ምላሴንም ያውቁታል።

እኔ የማየው ደምመላሽ አለመመለሱን ነበር። ያለንበት ጉብታ ላይ እንኳ አይወጣም። ገበያ አይመጣም። ፋሲካ ሲደርስ ወደ መዘዞ መውጣት ስለተወ በሰለች ራሷ ቂጣና ዳቦ አንግታ ወረደችለት። አባቴ ወደ ወንዙ እንዳልሄድ ከለከለኝ፤ ንዳድ ይይዝሻል አለኝ። እኔ ግን እየሰረቅሁ እወርድ ነበር። ጨዋታችን አልቀረም። ግን አንዳንድ ጊዜ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቀኝና መልሴን ሳይሰማ ለምዱን ጠቅልሎ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ ብርዱ ፈልጎ አገኘው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ትኩሳት መሆኑን ምን አውቄ።

አንድ ቀን እጁን ይዤ ጎተትኩት። «ና እንውጣ ጋሼ። ማንም አያየንም።»

«እኔ ከወጣሁ አገሩ ተከትሎኝ ይወጣል እሜቴ» አለኝ።

ሳቅሁ። አገሩ፣ ወንዙ፣ ግመሎቹ፣ ሁሉም ከኋላው ተሰልፈው ዳገቱን ሲወጡ ታዩኝ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ጭጋጉ አየ። ቀልድ አልነበረም። ወረቀቱ እሱ ያለበት ድንበር ነው ስለሚል፣ አንድ እርምጃ ሽቅብ ቢሄድ ፈረንጁ አንድ እርምጃ ይከተለዋል። ይህን ያደረገችው የእኔ ምላስ ናት፤ እኔ ግን ያደረገው አባቴ ነው ብዬ አመንኩ።

ፈረንጁ በየዓመቱ ክረምቱ ሳይገባ ይመጣል። ምስክሯ እኔ ስለሆንኩ እኔን ያስጠራኛል። ፈረጅ «ደምመላሽ የት ነው?» ይለኛል፤ እኔ «እዚህ ነው፣ ወላሂ» እላለሁ። ደምመላሽ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይሰማናል። ፈረንጁ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ይመለሳል። ይህ ሦስት ጊዜ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ደምመላሽ ባሰበት። በሰለች ወንድሞቿን አስከትላ፣ ቃሬዛ ይዛ ከመዘዞ ወረደች። ይዛው ልትወጣ ነበር፤ እሱ እምቢ አለ። ሦስት ቀን አስታመመችው፤ በአራተኛው ቀን እጇ ላይ ሞተ።

እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ከዳሱ ጀርባ ቆሜያለሁ። በሰለች አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጥብቃ «እንግዲህ ሬሳው የኔ ነው። አገሩ ወስጄ አስፈትቼ ቤተ ክርስቲያን እቀብረዋለሁ» አለች። የመለሰላት አባቴ ነው።

«አይሆንም በሰለች።»

«ምን አልክ?»

«ከዚህ ከተነሳ ይህ ሁሉ ሕዝብ ይነሳል። እዚሁ ይቀበራል።»

«በሕይወቱ ከለከላችሁኝ። ካህን በሌለበት፣ ደወል በማይሰማበት ጫካ ውስጥ ልትጥሉት ነው? እሱ ስለ እናንተ አንገቱን ሰጠ፤ አንተ ስለ እሱ ምን ትሰጣለህ ሸሪፍ?»

አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ «እዚሁ ይቀበራል ብያለሁ» አለ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። በሰለች ባዶ ቃሬዛ አሸክማ ዳገቱን ወጣች። ዞር ብላ አላየችንም።

በማግስቱ ጠዋት ደምመላሽ ተቀበረ። በሰሌን ተጠቅልሎ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ጉድጓዱ አወረዱት፤ ድንጋይ ተከመረበት። ካህን አልተጠራም። አባቴ ቀብሩ ላይ አልነበረም። ጎህ ሳይቀድ ሁለት በቅሎ ጨው ጭኖ ወደ ደጋ ወጥቷል አሉ። የጓደኛውን ሬሳ ከሚስቱ ነጥቆ፣ በቀብሩ ቀን ንግድ ወጣ። ያን ዕለት አባቴን ጠላሁት። የልጅ ጥላቻ ያልፋል ይባላል፤ የእኔ አላለፈም። ታዘዝኩት፣ እግሩን አጠብኩት፣ የመረጠልኝን ባል አገባሁ፤ ግን ከዚያ በኋላ ከልቤ አባዬ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። እሱም አንድ ቀን እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ፈረንጁ ሲመጣ መቃብሩን አየና ወረቀቱን አወጣ። ጠባቂው ከሞተ ድንበሩ ወደ ድሮው ቦታ ይመለሳል አለ። ፈረጅ ወደ እኔ ዞረ።

«ደምመላሽ የት ነው?»

«እዚህ ነው» አልኩ፣ ድንጋዩን እያሳየሁ።

«ሞቷል እኮ።»

«ሞተ እንጂ አልሄደም። ወላሂ፣ እዚህ ነው።»

ፈረንጁ ሲተረጎምለት ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ መቃብሩ አጠገብ ቆመ። ወረቀቱንም አጠፈው። ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት እየመጣ ጠየቀኝ፤ ስድስት ጊዜም ማልኩለት፤ ኋላ መምጣቱን ቢተውም ወረቀቱ አልተቀደደም። በማልኩ ቁጥር አባቴ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። እፍረት ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሲቀበር አላለቀስኩም። ሴቶቹ ጠንካራ ናት አሉ። ፈረንጆቹም በዚህ መሐል አንድ ጊዜ እንደገና ተለዋወጡ፤ የድሮው ውል ተቀደደ፣ ቆላው የማን እንደሆነ አሁን እነሱም አያውቁት። ወሬው ደጋውን በዳረሰ በወሩ ከመዘዞ መልእክት መጣልኝ፤ እማማ በሰለች የሸሪፍን ልጅ ማየት ትፈልጋለች የሚል።

ሃምሳውን አልፌያለሁ፤ ዳገት እንደድሮው አይደለም። ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ደረስኩ። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። በሰለች ዓይኗ ደክሟል፤ በረቱ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ በጎቿን በድምፃቸው ትለያለች።

«ያ ወረቀት ሞተ ይላሉ» አለችኝ። «እውነት ነው ልጄ?»

«ሞቷል እማማ።»

«እንግዲያ መሐላዬም አበቃ» አለችና እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ፈለገች። «ደምመላሽ እታች አይደለም ያለ። እዚህ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ቄሶቹ ፈትተውታል፤ ተዝካሩንም አውጥቻለሁ።»

አልገባኝም። እኔ ሲቀበር አይቻለሁ አልኳት።

«ያየሽው የግራር ጉማጅ ነው። ያን ቀን አባትሽ የጮኸብኝ ለፈረንጁ ወሬ የሚያደርሱ ሰዎች መንገድ ላይ ስለነበሩ ነው። እኔም እውነት መስሎኝ እያነባሁ ወጣሁ። በማግስቱ ማታ እበሬ ላይ ሁለት በቅሎ ይዞ ቆመ። ከላይ ጨው፣ ከሥር ባሌን። እዚህም ከጉድጓዱ ቆፋሪዎች አንዱ እሱ ነበር። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ግን እንደ ሥርዓታችሁ ወጥቶ ከቅጥሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። እኔን በደጁ መስቀል አስማለኝ፤ ወረቀቱ እስኪሞት እንዳልናገር።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። በጎቹ ይጮሃሉ። ሰባት ጊዜ ማልኩ አልኳት፤ በባዶ መቃብር ላይ ሰባት ጊዜ ወላሂ አልኩ።

«አውቃለሁ። ኋላ ጨው ይዞ ሲመጣ ልጅህ ትወቀው ብዬው ነበር። ጠልታሃለች ይላሉ፣ ለሷ እንኳ ንገራት አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«እሷማ ከሰው ሁሉ ይልቅ እንዳትሰማ አለኝ። በየዓመቱ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ ካወቀች ወይ በአላህ ስም ትዋሻለች፣ ወይ እውነቱን ተናግራ ከተማው ይነሳል። ሳታውቅ ትማል፤ እኔን ትጥላኝ አለ። ከዚያ ቆሎ ቋጠርኩለትና ወረደ።»

ያኔ አለቀስኩ። አባቴ ሲሞት ያላለቀስኩትን፣ አርባ ዓመት የቋጠርኩትን ሁሉ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። አባዬ፣ አባዬ እያልኩ ነበር፤ ነፋሱ ግን ድምፄን ይወስደዋል፤ በሰለችም ጆሮዋ እንደ ዓይኗ ደክሟል። ለደምመላሽ የማለቅስ መሰላት። ጀርባዬን እየዳበሰች «ተይ ልጄ፣ እሱ እኮ አገሩ ገብቷል» አለችኝ።

አላረምኳትም።